አስቸኳይ! የኮንሰርቫቶሪ ጣሪያ በድፍን ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል?

የሉተኗ፦ ወገኖቼ ቶሎ ድረሱልኝ! ሌሊት ነፋሱ ከኮንሰርቫቶሪያችን (ከቤቱ ጋር ከተያያዘው የመስተዋት ክፍል) ጣሪያ ላይ ሁለት ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ክዳን) ገንጥሎ ወሰደው። ውኃው ሶፋው ላይ እየወረደ ነው፤ ምንጣፉን ጠቅልዬ ድስት ደርድሬያለሁ። ባለሙያው «ቅዳሜ ሙሉውን አውርጄ ብርሃን የማያስገባ ድፍን ጣሪያ እሠራልሻለሁ፤ ምንም ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎኛል። ቀብዱን ግን ዛሬውኑ ክፈዪ ይላል። ልክፈል?

አዲስ ሰው፦ አይዞሽ እህቴ። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ደውዪ።

አናጢው፦ እንዳትከፍዪ! ፕላኒንግ (የግንባታው መጠንና ገጽታ ፈቃድ) ሌላ፣ ቢልዲንግ ሬጉሌሽን (የግንባታ ደኅንነትና ጥራት ደንብ) ሌላ። እንግሊዝ ውስጥ ፕላኒንጉ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል፦ ከኋላ ያለ፣ ፎቅ የሌለው፣ ከፍታው ከ4 ሜትር ያልበለጠ፣ ከጎረቤት ወሰን በ2 ሜትር ውስጥ ከሆነም የጣሪያው የታችኛው ጠርዝ ከ3 ሜትር ያላለፈ ከሆነ። ቢልዲንግ ሬጉሌሽኑ ግን አይቀርልሽም። ኮንሰርቫቶሪ ከሱ ነፃ የሚሆነው ጣሪያው ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ከ30 ካሬ ሜትር ስለማይበልጥና ከቤቱ በበር ስለሚለይ ነው። ድፍን ሲሆን ነፃነቱ ቀረ። ያ ቀጭን ፍሬም የተሠራው ለፖሊካርቦኔት ነው፤ የጣውላና የክዳን ክብደት መቻሉን፣ መሠረቱንም ጭምር፣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የሊድሱ፦ ድፍን ለምን አስፈለገ? የተገነጠለውን ብቻ አስቀይሪ፣ በቃ።

የሉተኗ፦ ወንድሜ፣ ክፍሉ በክረምት ፍሪጅ፣ በበጋ ምጣድ ነው። ልጆቼ የሚያጠኑት እዚያ ነው።

አዲስ ሰው፦ ካውንስል ደውዪ ብያለሁ።

እማ ጽጌ፦ ልጄ፣ እኛ ሳናስመዘግብ ሠርተን ነበር። ቤቱን ስንሸጥ የገዢው ሶሊሲተር (ጠበቃ) «ኮምፕሊሽን ሰርተፊኬቱ (ሥራው ደንቡን ማሟላቱን የሚያሳየው ወረቀት) የታለ?» አለ። ኢንሱሌሽኑን (ሙቀት መጠበቂያውን) ለማሳየት ያንን ያማረ ኮርኒስ በገዛ እጃችን ቀደድነው። አንቺ ቀድመሽ ጨርሺው።

አናጢው፦ አንድ ነገር አልነገርሽንም፦ ፍላት (አፓርታማ) ነው ሙሉ ቤት? ፍላት ከሆነ ያልኩሽ የፕላኒንግ ነፃነት የለም። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከሆነም ሌላ ፈቃድ አለው። ለዛሬ ወፍራም ሸራ በመሰላል ሆነሽ ወጥሪበት፤ ፖሊካርቦኔቱ ላይ ግን እንዳትረግጪ፣ ሰው አይችልም። ባለሙያውን ደግሞ «ለቢልዲንግ ኮንትሮል (ደንቡ መከበሩን ለሚቆጣጠረው ክፍል) የሚያመለክተው ማነው?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው።

የሉተኗ፦ ሙሉ ቤት ነው፣ የራሳችን። ጥያቄውን አሁን ላኩለት። አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።

አዲስ ሰው፦ ሸራው ተገኘ?