ጥቆማ፦ ተማሪ ከፈተና ማግስት እንዳይረሳ የሚረዳ መተግበሪያ የትኛው ነው?

ጠመኔ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆቹ ቀመሩን ሸምድደው ይመጣሉ፣ ከፈተና ማግስት ግን ባዶ ናቸው። አንኪ የሚባለው የጥያቄና መልስ ካርድ መተግበሪያ ይሻላል ወይስ ካሁት የሚባለው የክፍል ጥያቄ ውድድር? የሞከራችሁ እስቲ ጠቁሙኝ።

ካርድ ወዳድ፦ አንኪ! ምን ጥያቄ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው። የሳትከውን ካርድ ቶሎ፣ ያወቅከውን ቆይቶ ያመጣልሃል።

ማታ አራሚ፦ እኔን ያየህ ተቀጣ። ስሙን የማልጠራው የጥያቄ መተግበሪያ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ጥያቄ ሞላሁ። ክፍያው ሲያልቅ ቆለፈብኝ። የራሴን ጥያቄ! ልጆቹ ፊት ፕሮጀክተሩን ስከፍት «ያድሱ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ።

ዝምተኛው፦ ውይ! ገንዘቡንስ መለሱልህ?

ማታ አራሚ፦ የምን መመለስ። ለሦስት ኢሜይል አንድ «እናመሰግናለን»።

የ2ኛ ክፍል እናት፦ እኔም እንዲህ ያለ መተግበሪያ በራሱ ጊዜ ገንዘብ ቆርጦብኝ የባንክ ካርዴን አዘጋሁት። በነገራችን ላይ ለማባዛት ሰንጠረዥ የትኛው ታብሌት ይሻላል?

ካርድ ወዳድ፦ አንኪ።

ሽሙጥ፦ የፊዚክስ ጥያቄ ገብቶ የባንክ ምክር ሆኖ ወጣ። ጎበዞች።

ሁለተኛ ረድፍ፦ ጠመኔ፣ መተግበሪያውን ለጊዜው ተወው። ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚሠራበትን መንገድ ሞክር። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ሲቆም ምን ኃይል አለበት በላቸው። 1 ጣት «ምንም»፣ 2 ጣት «የመሬት ስበት»። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ያስብና ይምረጥ። መልሱን እንዳትነግራቸው! የተለያየ መልስ ከሰጠው ጎረቤቱ ጋር ይከራከር፣ ከዚያ እንደገና ይምረጡ። እኔ ክፍል አንዷ «ኃይል ከሌለበት ታዲያ ለምን እዚያው አልቀረም?» ስትል የጎረቤቷ ሁለተኛ ጣት ቀስ ብሎ ሲነሣ አይቻለሁ።

መርሳቱን ካልክ ደግሞ በሳምንቱ ደብተር አዘጋና ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ አጽፋቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው።

ካርድ ወዳድ፦ ይኸው! አንኪም እኮ ይኸው ነው።

ሽሙጥ፦ ክርክሩን የትኛው ካርድ ላይ ነው የምትጽፈው?

ጠመኔ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ አራሚ፣ የዚያን መተግበሪያ ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ። ትምህርት ቤታችን ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገዝቷል።

ማታ አራሚ፦ ልኬልሃለሁ። አይዞህ።