ክርክር፦ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ሺያን ይሻላል ወይስ ሻንጋይ?

መንገደኛዋ፦
ትናንት በዚህ ቡድን ውስጥ «አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ወደ ጥንታዊቷ የቻይና ከተማ ወደ ሺያን ይሂድ፤ ሻንጋይ ቻይናን አታሳይም» ተብሎ የተሰጠው ምክር በጣም አሳዝኖኛል። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ ከገዛ አገሯ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ቻይናን የሚገዛው ፓርቲ የመጀመሪያ ጉባኤውን እ.ኤ.አ. በ1921 የከፈተው በሻንጋይ አንድ የጡብ ቤት ውስጥ ነው፤ ይህ ቻይናን ካላሳየ ምን ያሳያታል?

የጥንቱ ወዳጅ፦
ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም በአቋሜ እንደጸናሁ ነኝ። ሻንጋይ ውስጥ በሁዋንግፑ ወንዝ ዳር ተደርድረው የሚታዩት የቀድሞ ባንኮች የአውሮፓውያን አሻራ ናቸው፤ ማዶ ያለው የፑዶንግ ልማትም የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። 632 ሜትር የሚረዝመው የሻንጋይ ታወር ቢያስደንቅም፣ ረጅም ፎቅ ዱባይም አለ። ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1974 የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት፣ ከ2,200 ዓመት በፊት ለመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር ጠባቂ እንዲሆን የተቀበረው የሸክላ ሠራዊት (ከሸክላ የተሠሩ የወታደር ሐውልቶች) ግን ያለው ሺያን ብቻ ነው።

መንገደኛዋ፦
«አታሳይም» ያሉት ከተማዋ አዲስ ስለሆነች ከሆነ፣ ሻንጋይ ያለው ዩ የተባለው የአትክልት ስፍራ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1559 መሆኑን ላስታውስዎ። በአንጻሩ ሺያን ውስጥ ጥንታዊውን የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን መስሎ የተሠራው፣ ማታ ማታ ሕዝብ የሚጎርፍበት ባለመብራት ጎዳና የዚህ ክፍለ ዘመን ግንባታ ነው። ፑዶንግ በአዲስነቱ ከተነቀፈ ያም ጎዳና ሊነቀፍ ይገባዋል።

ሰንበቴ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ሺያን በሚገኘው የቤይሊን ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ781 የቆመ፣ በቻይንኛና በሱርስት የተቀረጸ፣ ክርስትና በ635 ወደዚያ መድረሱን የሚናገር የድንጋይ ሐውልት አለ። ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ይህ ብቻውን ወደ ሺያን ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ጓዝ አሳናሽ፦
የሸክላው ሠራዊት ከመሀል ከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ደግሞ ሰልፉ አያድርስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሻንጋይ ድረስ ስለሚበር፣ ከዚያ ሺያን በፈጣን ባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አስባችሁ ቀኑን ቁጠሩ።

የጥንቱ ወዳጅ፦
መንገዱ ቢረዝምም ይክሳል። በሙስሊሞች ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶች ደረቅ ቂጣና ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ያቀርቡልዎታል፤ እርስዎ ቂጣውን በጣትዎ አድቅቀው ሲቆራርሱት አስተናጋጁ ወደ ማዕድ ቤት ይመልሰውና በበግ ሥጋ መረቅ ተቀቅሎ ይመጣል። ፍትፍት ወዳድ የሆነ አበሻ ይህን ምግብ ትቶ ስለ ፎቅ ሲያወራ አይገባኝም።

መንገደኛዋ፦
ምግቡን አልነቅፍም። ነገር ግን የሸክላው ሠራዊት በመንግሥት ጥበቃ ሥር ስለሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላም እዚያው ይገኛል፤ ልብስ በቀርከሃ ላይ የሚሰጣባቸው፣ ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቼዝ የሚጫወቱባቸው የሻንጋይ የድሮ መንደሮች ግን ለአዳዲስ ሕንፃዎች ሲባል እየፈረሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለባት ሻንጋይ ናት፤ እርስዎም «አታሳይም» የሚለውን ቃል ያንሡልኝ።

የጥንቱ ወዳጅ፦
አላነሣውም።