«ምክር የፈለገ ቤት አለለት»

የ18 አባት፦ ትናንት እዚህ ጎንደር የወላጅ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ልጄ ለመጨረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አንዲት እናት ተነስታ «ልጄ ዘንድሮ ከሰው ጋር አያወራም፣ ደብተር አይከፍትም፣ እዚህ የሚያናግረው ሰው የለም ወይ» ብላ ጠየቀች። መድረክ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኛ የምናስተምረው ፊዚክስ ነው፣ ምክር የፈለገ ቤት አለለት።» ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆሟል። እዚያው ግቢ ውስጥ እኮ በሩ ላይ «ጋይዳንስና ካውንስ» የሚል የምክር ክፍል አለ፣ የቀረው ቀለሙ ተልጦ ወድቋል። በመስኮት ሳይ እግሩ የተሰበረ ዴስክ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ከላዩ የመረብ ኳስ መረብ ተጥሎበታል። ቁልፉ ማን ጋ ነው ብለው ጥበቃው «እኔንጃ ጋሼ፣ እኔ ከመጣሁ ተከፍቶ አያውቅም» አለኝ።

አፄው፦ መረቡ እንኳን ቤት አገኘ 😂 ግን ሰውዬው ምን አጠፉ? እኛ ስንማር ማን መከረን? እኔን አባቴ በአርጩሜ ነው የመከረኝ፣ ይኸው ሰው ሆኛለሁ።

እቴ ማራኪ፦ ሰው መሆንህን ማን አጣራ?

መምህር 62፦ 62 ያልኩት የክፍሌን ተማሪ ብዛት ነው። ሰውዬው የተናገሩት ነገር ያስጠላል፣ አልከላከልም። ግን አምስት ክፍል አስተምራለሁ፣ 310 ልጅ ማለት ነው፣ የግማሹን ስም አላውቀውም። ትምህርቱ በፈረቃ ነው፣ የጠዋቱ ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። የቱ ሰዓት ላይ ነው አንዱን አስቀምጬ ምን ሆነሃል የምለው? ደሞዙን ተዉት፣ ወሩ ሲጋመስ ካውንስለር የሚያስፈልገው ለኔ ነው።

የ18 አባት፦ መምህር እርስዎን መች ነካሁ። እኔ የያዝኩት «ቤት አለለት» የምትለዋን ነው። የየትኛው ልጅ ቤት?

አፄው፦ ቤት ማለት ወላጅ ማለታቸው ነው፣ ቃል አትሰንጥቁ።

የአርማጭሆ ልጅ፦ እኔ ልናገር ጋሼ፣ አሁን 11ኛ ነኝ። 2016 ላይ ዘጠነኛን የተማርኩት ተከራይተን፣ ለሦስት በአንድ ፍራሽ ነው። ለኛ ቤት ማለት ቅዳሜ በመኪና የሚመጣ ማዳበሪያ ነው፣ ድርቆሽና በሶ፣ እናቴ አፉን በቀይ ክር ነበር የምታስረው ከሌላ ሰው እንዳይቀየር። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያው አይመጣም። አንዴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀረ፣ ስልክም የለም። አንዱ ጓደኛችን አሸዋ ሊጭን ቀን ሥራ ገባ፣ ስም ጠሪው ቀሪ ቀሪ ቀሪ እያለ ጻፈበት፣ ሲመለስ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። መንገዱ ተዘግቶ ወላጅ ከየት ያምጣ? በዚያው ቀረ። ጎበዝ ነበር፣ ሒሳብ የሚያስረዳን እሱ ነው።

እቴ ማራኪ፦ በስማም 😢 በላ አፄው፣ ይሄ ልጅ የትኛው ቤቱ ሄዶ ይመከር?

አፄው፦ እሱ ሌላ ነው፣ የጦርነት ነገር ነው። እኔ የማወራው ከተማ ውስጥ አባት እናት እያለው ቲክቶክ ላይ ስለሚያድረው ነው። ደግሞ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይሰጣል፣ ማን ይመጣል? 12ኛን ከወደቀም ሪሜዲያል፣ ያ የማካካሻው ትምህርት፣ አለለት። ስንት ነገር ይደረግለት?

የ18 አባት፦ «አለለት» አንተም ጀመርክ? ሪሜዲያል በ2015 የመጣው እኮ ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ያውም ለማለፊያው ለተጠጋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የ12ኛውን ፈተና ውጤትማ ሁላችንም አይተናል፣ በ2014 ያለፈው 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ 2017 ላይ ተሻሻለ ተብሎ 8.4። እና ከመቶው ዘጠና አንዱ ቲክቶክ ላይ ነው ያደረው?

ጠመኔ፦ ስለ ማጠናከሪያው እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፣ ሁለት ዓመት አስተምሬበታለሁ። የምንደግመው ያንኑ የ12ኛ ምዕራፍ ነው። ልጁ ግን የተሰበረው ዘጠነኛ ላይ ነው፣ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት። አንድ ልጅ ብላክቦርዱን አሳምሮ ይገለብጣል፣ ደብተሩ እንደ ማተሚያ ቤት ነው፣ አንብብልኝ ስለው አቀርቅሮ ቀረ። ለሱ ቅዳሜ መጥቶ ኢንተግሬሽን መስማት ምን ያረግለታል? መጀመሪያ የት እንደቀረ የሚለይ ፈተና ሰጥቶ ከዚያ ማስጀመር ነው እንጂ ሁሉንም አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ዎርክሺት መበተን ለሪፖርት ነው።

መምህር 62፦ ለሪፖርት ያልከው ሁላችንንም አይደለም። እኔ አበል ሳይከፈለኝ አንድ መንፈቅ ሙሉ ቅዳሜ ገብቻለሁ።

ጠመኔ፦ ሁላችሁንም መች አልኩ? ደግሞ ማጠናከሪያው ላይ ተዝረክርኮ፣ ከሰዓት በኋላ ግን በየቤቱ በሰዓት እያስከፈለ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳውስ?

መምህር 62፦ ማንን ነው? በስም ጥራ።

ጠመኔ፦ ከነካህ እንግዲህ።

እቴ ማራኪ፦ እባካችሁ እሱን ቡና ላይ ጨርሱት። የኔዋ ልጅ በትምህርት አልነበረም ችግሯ፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ዩኒቨርስቲ ገብታችሁ ዶርም አድራችሁ ነው የምትፈተኑት ከተባለ ጀምሮ እንቅልፍ ጠፋ፣ እስክሪብቶ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስታጠና ፀጉሯን ትነቅላለች፣ ትራሷ ላይ እየለቀምኩ እጥላለሁ። እኔ ቤት ነኝ፣ አባቷም ቤት ነው፣ ቤት አለላት! ግን ምን እንደምላት አላውቅም፣ «አይዞሽ» እላለሁ፣ «አይዞሽ አትበይኝ» ትለኛለች። ጠበል ወሰድኳት፣ በኋላም ሳይካትሪ ወሰድኳት፣ አሁን ደህና ናት።

ወለተ ሚካኤል፦ ጠበሉ ነው ያዳናት፣ እምነትሽን ለሐኪም አትስጪ እህቴ።

እቴ ማራኪ፦ ጠዋት ጠበል ከሰዓት ሐኪም፣ ማን ከልክሎኝ? ቄሱ ራሳቸው «መድኃኒቱንም ውሰጂ» ነው ያሏት።

ወለተ ሚካኤል፦ የትኛው ቄስ?

እቴ ማራኪ፦ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ሌላ ጥያቄ?

የ18 አባት፦ እኔ የምለው እኮ፣ ይሄ ከተማ ዩኒቨርስቲ አለው፣ ሳይኮሎጂም ሳይካትሪም ይሰጣል። የመጨረሻ ዓመቶቹን ከአንድ አስተማሪያቸው ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ልከው ያንን ክፍል ቢያስከፍቱት ምን ይጎድላል? ዴስኩን እኛ ወላጆች እናወጣለን።

መምህር 62፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ማን ይፈርማል? ትምህርት ቤቱ ወረዳ ይላል፣ ወረዳው መምሪያ ይላል፣ መምሪያው በጀት ይላል።

ጠመኔ፦ ቢከፈትስ ማን ገብቶ ያወራል? አንዲት ልጅ የቤቷን ጉድ ለዩኒት ሊደሯ ነግራ በሻይ ሰዓት ስታፍ ሩም ውስጥ ሁሉም ይዞት ሲቀባበል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ እኛን አስተማሪዎችን ቀና ብላ አይታን አታውቅም። መጀመሪያ ይሄን አፋችንን እንዝጋ፣ ቁልፉ ከዚያ ይፈለግ።

አፄው፦ አሁን ገና እውነት ተወራ። ለዛ ነው ቤት አለለት ያሉት፣ ቤት ውስጥ ጉድህ አይወጣም።

እቴ ማራኪ፦ ቤት ውስጥ ጉድ አይወጣም?? ጎንደር ነው የምትኖረው ወይስ የት?

አፄው፦ እዚሁ ጎንደር አራዳ ተወልጄ አራዳ ያደግኩ ነኝ እመቤት፣ አንቺ ማራኪ የገባሽው መቼ ነው?

እቴ ማራኪ፦ አሁን እሱ ምን አገናኘው

የአርማጭሆ ልጅ፦ ይቅርታ ላቋርጥና፣ የነገው የሒሳብ ማጠናከሪያ አለ? ባለፈው ቅዳሜ መጥተን በሩ ተቆልፎ እስከ አራት ሰዓት ቆመን ነው የተመለስነው።

መምህር 62፦ የኔ ክፍል አይደለም፣ ዩኒት ሊደሩን ጠይቅ።

ጠመኔ፦ አበል ሳይከፈለኝ ገብቻለሁ ያልከው ቅዳሜ ይሄ ነው?

መምህር 62፦ የኔ ክፍል አይደለም አልኩ እኮ! አማርኛ ነው የተናገርኩት። ደግሞ ያንን በስም ጥራ ያልኩህን እስካሁን አልጠራህም።