ቅጠል አቡጀዴ ላይ አተምን፣ ሲታጠብ ሙልጭ አለ

የሁለቱ እናት (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ገብቶ ልጆቹ ቤት ከዋሉ ወዲህ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ትልቋ 8፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ውጭ መጫወት የለም፣ ቲቪው ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው። እና ቅዳሜ ዕለት ከጓሮ ቅጠል ለቅመን፣ የትልቋን የውሃ ቀለም ቀብተን፣ አቡጀዴ ላይ ስናትም ዋልን። ያምር ነበር እኮ! ለአያታቸው የመሶብ ልብስ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሳጥበው ሙልጭ ብሎ ለቀቀ፣ ትልቋም አለቀሰች። ጥፋቱ የቀለሙ ነው፣ የጨርቁ ነው ወይስ የኔ? ብቻ ውድ ነገር ግዢ እንዳትሉኝ።

ልብስ ሰፊው (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ ያንቺ አይደለም። የውሃ ቀለም ለወረቀት ነው፣ ጨርቅ ላይ አይዝም። አክሪሊክ የሚባለውን ግዢ፣ እሱ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን ውሃ አያስለቅቀውም። ትንንሹ ይበቃሻል። ጨርቁም ቢሆን፣ አዲስ አቡጀዴ አሚዶ ስላለበት መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ካልታጠበ ቀለሙ አሚዶው ላይ ተቀምጦ አብሮት ይሄዳል። አትማችሁ ስትጨርሱ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ገልብጠሽ በጀርባው በኩል ካውያውን እያንቀሳቀስሽ 5 ደቂቃ ያህል ተኩሺው። ውሃ አትርጪበት። ይሄን የምልሽ ብዙ ጨርቅ አበላሽቼ ነው 😅 የልጆቹን ልብስ ግን አሮጌ አልብሻቸው፣ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ ከሹራብ ላይ አይወርድም።

የሥዕል መምህርት፦
ሰፊው ጨርሶታል። እኔ ስለ ቅጠሉ ልጨምር። ቀለሙን በለስላሳው ፊት ሳይሆን ጅማቱ በወጣበት በጀርባው ቀቡት፣ ያኔ ጅማቱ አንድ በአንድ ይታተማል። ቀለም አታብዙ፣ በስፖንጅ ነካ ነካ ብቻ። ከዚያ ጨርቁ ላይ ደፍታችሁ፣ ከላይ ወረቀት አድርጋችሁ በመዳፍ ጫን። ልጆች ቅጠሉን ማንሸራተት ይወዳሉ፣ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይጫን። የጉሎ ቅጠል እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ስለሆነ በጣም ያምራል፣ ፍሬው ግን መርዝ ስለሆነ ቅጠሉን አንቺው ቆርጠሽ አምጪላቸው። ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ቁልቋል አጠገብም አይድረሱ። ለትንሹ ደግሞ ባሚያ አግድም ቆርጠሽ ስጪው። ኮከብ ነው የሚወጣው፣ እሱ ራሱ ይገርመዋል።

ባለ አሎሎ፦
ያለ ቀለምም ይሆናል! ጃፓኖች የሚሠሩት ነው። ለጋ ቅጠል፣ የካሮት ቅጠል ለምሳሌ፣ በታጠበ ጨርቅ መሃል አድርገህ ጣውላ ላይ መቀጥቀጥ ነው፣ አረንጓዴው ጭማቂ ጨርቁ ላይ ቅርፁን ይዞ ይቀራል። እኔ መዶሻ ስለምፈራ ለልጄ አሎሎ ድንጋይ ሰጠሁት፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀጠቅጥ ጎረቤት መጥቶ «ግድግዳ እያፈረሳችሁ ነው?» አለን። አትሸወዱ ግን፣ አረንጓዴው ቆይቶ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ፀሐይና ሳሙናም አይወድም። ለመሶብ ልብስ አይሆንም፣ ለግድግዳ እንጂ።

እማማ (ሰኞ ገበያ)፦
እኛ ልጆች ሳለን የእንሶስላ ሥር ወቅጠን እጅና እግራችንን ነበር የምንሞቅ፣ ለጨርቅስ ማን አስቦት። እርድ ግን ሞክሪ ልጄ። እርድ ውሃ ውስጥ አፍልተሽ ጨርቁን ንከሪና አድርቂው፣ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ልጆቹ በሳሙና ውሃ ቅጠል ይሳሉበት፣ የነካው ሁሉ ቀይ ነው የሚሆን። ሎሚ ጠብ ስታደርጊበት ተመልሶ ቢጫ። የልጅ ልጆቼ አስማት መስሏቸው ሎሚውን ጨረሱብኝ። ፀሐይ ላይ ግን አታስጪው፣ ይጠፋል።

የሁለቱ እናት (ደሴ)፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርዱ ዛሬውኑ ተሠርቷል፣ ጣቶቻችን ሁሉ ቢጫ ናቸው። አክሪሊኩን ነገ ፒያሳ ወርጄ አያለሁ። መምህርት፣ ባሚያውን ትንሹ አንዴ ካተመ በኋላ ሊበላው ነበር፣ በስንት ጩኸት ነው ያስጣልኩት 🤦🏾‍♀️ ሰፊው፣ አንድ ጥያቄ፦ ካውያው በከሰል የሚሠራው ከሆነ 5 ደቂቃው ያው ነው?

ልብስ ሰፊው (ኮምቦልቻ)፦
የከሰሉ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪው። በመሃሉ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ አመድ እንዳይነካው።