ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤት ለማጠብ የትኛውን ዕቃ ላስቀድም?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ከአባቴ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ወርሻለሁ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመዴም ኤችፒ5 ፕላስ የተባለውን ፊልም ጥቂት ጥቅል አምጥቶልኛል። የሚያጥብልኝ ሰው ስላላገኘሁ ራሴ ላጥበው አስቤአለሁ። ዘመዴ በቅርቡ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ከሻንጣው ጥግ የሚገባ ጥቂት ዕቃ ላስመጣ እችላለሁ። ፊልሙ የሚታጠብበት ታንክ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል ወይስ የብረት? ጨለማ ክፍል የለኝም፤ የቧንቧ ውሃችንም በፈረቃ ነው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ለጀማሪ የፕላስቲኩን እመርጣለሁ። የፕላስቲኩ ሪል፣ ማለትም ታንኩ ውስጥ የሚገባው የፊልም መጠምጠሚያ፣ ፊልሙን ከጠርዙ ተቀብሎ፣ ሁለቱን ጎኖች ወዲያና ወዲህ ባዞሯቸው ቁጥር ወደ ውስጥ ስለሚስበው፣ እጅ በጨለማ ቶሎ ይለምደዋል፤ በብረቱ ግን ፊልሙ ከመሐል ወደ ውጭ የሚጠመጠም በመሆኑ፣ ከመሥመሩ ከወጣ ሁለት ዙር እርስ በርሱ ይጣበቅና ያ ቦታ ሳይታጠብ ይቀራል። የፕላስቲኩ ክፉ አመል እርጥበት አለመውደዱ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ፊልሙ መንገድ ላይ ይያዛል። ጨለማ የሚያስፈልገው የታንኩ ክዳን እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እጅ የሚያስገባ ጥቁር ከረጢት ይበቃዎታል። እኔ የመጀመሪያውን ጥቅል ከጋቢ ሥር ልጠመጥም ሞክሬ ሙሉ በሙሉ አጥቁሬዋለሁ፤ ጋቢ ብርድ እንጂ ብርሃን አይከለክልም።

መልስ፣ ከሐይቅ፦
በታንኩ እስማማለሁ፤ ሆኖም ገንዘብ የሚገባው ቴርሞሜትሩ ነው። ኤችፒ5 በእኩል ውሃ በቀጠነ ዲ-76 ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 11 ደቂቃ የሚታጠበው ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ ጊዜው ወደ 10 በመቶ ያህል ያጥራል። የደሴ የማለዳ ውሃና የኮምቦልቻ የቀትር ውሃ አንድ ስላልሆኑ፣ ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁመው ያስተካክሏቸው። የሕክምናው ትኩሳት መለኪያ 20 ዲግሪን ስለማያሳይ አያገለግልም። ዴቨሎፐሩንም ፊክሰሩንም (የወጣውን ምስል የሚያጸናውን ኬሚካል) ዱቄት ያስመጡ፤ በሻንጣ ውስጥ አይፈስም፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በሁለቱ መካከል ፊልሙን ለማለቅለቅ ተራ ውሃ ይበቃል።
ስለ ውሃው አይጨነቁ። ከፊክሰሩ በኋላ ታንኩን ሞልተው 5 ጊዜ ገልብጠው ይድፉት፤ በአዲስ ውሃ 10 ጊዜ፣ እንደገና በሌላ 20 ጊዜ ይድገሙት። ለአንድ ጥቅል አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ግን በተጣራ ውሃ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ያገለገለ ፊክሰር ብር ስላለበት ጓሮ አይድፉት።

መልስ፣ ከወልዲያ፦
የብረቱን አታሳንሱት፤ ሪሉ እርጥብም ቢሆን ይሠራል፣ በሳፋም ሙቀቱን ቶሎ ይይዛል። ሁለት ሦስት ጥቅል በተከታታይ ለሚያጥብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ግን አንድ ፊልም ለመለማመጃ ይሠዉ፤ መጀመሪያ በብርሃን እያዩ፣ ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ደጋግመው ይጠምጥሙት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የፕላስቲክ ታንክ ከሁለት ሪል ጋር፣ ጥቁር ከረጢትና ቴርሞሜትር አዝዣለሁ፤ አንዱ ሪል እስኪደርቅ በሌላው እሠራለሁ።