ሀንጋሪኛ፦ «እሱን ያየዋል» እና «እኔን ያየኛል» ለምን በሁለት እርባታ ተለያዩ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተዘጋጀ መማሪያ ሀንጋሪኛ እያጠናሁ ነው። መጽሐፉ «ላቶክ ኤጅ ሃዛት» (ቤት አያለሁ) እና «ላቶም አ ሃዛት» (ቤቱን አየዋለሁ) የሚሉትን አቅርቦ፣ ተሳቢው እሙር (የታወቀ) ሲሆን ግሱ እርባታውን እንደሚለውጥ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ የእንግሊዝኛ ግስ ለተሳቢው ምልክት ስለሌለው ነው። እኔ «ቤት አየሁ» እና «ቤቱን አየሁት» እያልሁ ስላደግሁ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የተቸገርሁት በሌላ ነው። «ጴጥሮስ እሱን ያየዋል» ለማለት «ፔቴር ላትያ ኧት» ብለው የእሙሩን እርባታ ይጠቀማሉ፤ «እኔን ያየኛል» ለማለት ግን «ፔቴር ላት ኤንጌም» ብለው ወደ ኢእሙሩ ይመለሳሉ። ከተናጋሪው ከራሱ ይልቅ የታወቀ ማን ሊኖር ነው?

የግእዝ መምህር፦
የመጀመሪያው ነገር ለግእዝ ተማሪ እንግዳ አይደለም። «ርእየ ቤተ» ሲል ተሳቢው በግእዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው የፊደል ድምፅ («ተ») ይጨርሳል፤ «ርእዮ ለቤት» ሲል ግን ግሱ ተዘርዝሮ ተሳቢውን ይይዛል፣ ቤቱም የታወቀ ይሆናል። እንዲያውም «ሃዛት» ላይ ያለው «ት» እና «አየሁት» ላይ ያለው «ት» ከአንድ ሥር የወጡ ይመስለኛል። ቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዝምድና ጆሯችን ይለየዋል።

የቡዳፔስት ነዋሪ፦
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። የሀንጋሪኛው «ት» የሚለጠፈው በስሙ ላይ ነው፤ «ሃዝ» (ቤት) ተሳቢ ሲሆን «ሃዛት» ይባላል። የእኛው ግን በግሱ ላይ ነው። ሀንጋሪያዊው ሊቅ ያኖሽ ሻይኖቪች የሀንጋሪኛንና በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩትን የላፖችን ቋንቋ ዝምድና የሚያሳየውን ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1770 ሲሆን፣ ዘመዶቹ ወደ ሰሜን መሆናቸው ከዚያ ወዲህ በብዙ ማስረጃ ጸንቷል። እጅ በሀንጋሪኛ «ኬዝ»፣ በፊንላንድኛ «ካሲ» ነው፤ ውሃ «ቪዝ» እና «ቬሲ»፣ ደም «ቬር» እና «ቬሪ» ይባላሉ። አንድ ፊደል ስለተገናኘ ሥር አይገናኝም።

የግእዝ መምህር፦
ሥሩን ልተወው፤ አንድ ነገር ግን አልለቅም። «ቤቱን አየሁ» ብሎ ማቆም ትክክለኛ አማርኛ ነው። ስለዚህ የእኛው «ት» እሙርነትን የሚያመለክት ሳይሆን፣ አድማጩ ቤቱን ልብ እንዲል የሚጨመር ተውላጠ ስም ነው። ጠያቂው ሁለቱን አንድ አድርጎ መነሣቱ ስሕተት ነው።

የቡዳፔስት ነዋሪ፦
በዚህስ እስማማለሁ፤ በሀንጋሪኛ «ላቶክ አ ሃዛት» ማለት ስሕተት ስለሆነ፣ እዚያ ግዴታ የሆነው እኛ ዘንድ ምርጫ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እሙርነት የሚባለው በትርጉም ብቻ አይለካም። «ሚንዴን» (ሁሉም) የሚለው ቃል ከስሙ ሲቀድም ግሱ በኢእሙሩ ይረባል፣ «ሚንዴን ሃዛት ላቶክ» ይባላል። «ሚንዴጂክ» (እያንዳንዱ) ሲቀድም ደግሞ «ሚንዴጂክ ሃዛት ላቶም» ይሆናል። የሚታዩት ቤቶች ግን እነዚያው ሊሆኑ ይችላሉ።

ተርጓሚ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። በእኔ አስተያየት የእሙሩ እርባታ የሚከተለው ሩቁን፣ ማለትም ሦስተኛውን መደብ ነው፤ «እኔ» እና «አንተ» ቅርብ ስለሆኑ አይጠሩትም። ማስረጃዬ የአክብሮቱ አነጋገር ነው። ሀንጋሪዎች «ኧን» (እርስዎ) ሲሉ ግሱን በሦስተኛ መደብ ያረቡታል፤ እኛም «እርስዎ መጡ» ስንል ግሱ «እሳቸው መጡ» ከምንለው አይለይም። ታዲያ «እርስዎን አይዎታለሁ» ለማለት «ላቶም ኧንት» ይላሉ፤ እርባታው የእሙሩ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ አክብሮት በሰዋስው አርቆታል።

የግእዝ መምህር፦
ይህ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም «እርስዎ» ከ«ርእስ» እንደመጣ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፣ «ርእሱ» ማለት «ራሱ» ነውና።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተርጓሚው ያሉት ልቤን ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ግን «ሴረትሌክ» የሚል ቃል አገኘሁ። «እወድሃለሁ»ም «እወድሻለሁ»ም ማለት ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። «ሌክ» የሚለው ምእላድ (ቅጥያ) ባለቤቱ «እኔ»፣ ተሳቢው «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እናንተ» ሲሆን ብቻ የሚመጣ ነው። ቅርቡ በግሱ ላይ ምልክት የማይገባው ከሆነ፣ እዚህ ላይ ለምን ተፈቀደለት? ደግሞስ «እሱ ይወድሃል» ሲባል ለምን ይቀራል?