5 ሲቀነስ 1 ለምን 4100 ሆነ? (ሪስክ-ፋይቭ፣ ቬሪሎግ)

የኮዬ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በ4 ጂቢ ራም ላፕቶፕ የሪስክ-ፋይቭን የትእዛዝ ስብስብ የሚከተል ትንሽ ፕሮሰሰር በቬሪሎግ (የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ) እየሠራሁ ነው። ኢካሩስ በሚባል ሲሙሌተር (ሃርድዌሩን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) አስኬዳለሁ፣ ሲግናሉን በጂቲኬዌቭ አያለሁ። መሞከሪያዬ ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ ኤክስ5 ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የቁጥር መያዣ) ላይ 5 ያስቀምጣል፣ 1 ይቀንሳል፣ ዜሮ እስኪሆን ወደ መቀነሻው ይመለሳል። ሎፑ በትክክል ይመለሳል። ግን 4 ማለት ሲገባው 4100 ይላል፣ ከዚያ 8195። የት ልፈልገው? ዲዛይኑን በእውነተኛ ቺፕ ላይ የምሞክርበት ኤፍፒጂኤ ቦርድ ደግሞ የለኝም፤ ያለሱ መቀጠል ይቻላል?

ትራንዚስተር፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ራሱ ነግሮሃል። 4100 ማለት 5 ሲደመር 4095 ነው። ሪስክ-ፋይቭ ላይ ቋሚ ቁጥር የሚቀንስ ትእዛዝ የለም፤ ኔጋቲቭ 1 ነው የሚደመረው። ኔጋቲቭ 1 በ12 ቢት ሲጻፍ ሁሉም ቢት 1 ነው። ወደ 32 ቢት ሲሰፋ ከላይ በዜሮ ከተሞላ 4095 ሆኖ ቁጭ ይላል። የትእዛዙን 31ኛ ቢት (ከ0 ሲቆጠር የመጨረሻውን) 20 ጊዜ ደግመህ ከፊቱ ቀጥለው።

ሰብለ ዲጂታል፦ እግረ መንገድህን ሎድና ስቶርንም (ከሜሞሪ የሚያነቡና ወደ ሜሞሪ የሚጽፉ ትእዛዞችን) እይ። ስቶር ላይ የቋሚ ቁጥሩ 12 ቢት ለሁለት ተከፍለዋል፦ 7ቱ ከላይ፣ 5ቱ ከታች። የምልክቱ ቢት (ኔጋቲቭ መሆኑን የሚናገረው) ግን ሁሌም 31ኛው ላይ ነው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው፤ ትእዛዙ ምን እንደሆነ ሳይለይ ቁጥሩን ማስፋት መጀመር ይቻላል። በጣም የምወደው ነገሩ ይሄ ነው።

የኮዬ ልጅ፦ ተባረኩ! 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ብሎ ወረደ። ከዜሮ በኋላ ግን ሲግናሉ ሁሉ ቀይ ሆነ።

ትራንዚስተር፦ ፕሮግራሙ አልቆ ያልተጻፈበት ሜሞሪ እያነበበ ነው። ቀዩ "ዋጋው አይታወቅም" ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ራሱ የሚዘል አንድ ትእዛዝ ጨምርበት፣ እዚያው ይቆማል።

ቱሉ ዲምቱ፦ ቦርዱ ለአሁን ይቅርብህ። ሲሙሌሽን ላይ እያንዳንዱን ሽቦ ታያለህ፤ ቦርድ ላይ እንዲህ በቀላሉ አይታይም። ረጅም ፕሮግራም ማስኬድ ስትጀምር ቬሪሌተር የሚባለው ሲሙሌተር ይሻልሃል፣ ፈጣን ነው። ግን በአብዛኛው 0ና 1 ብቻ ስለሚያውቅ ያንን ቀይ አያሳይህም። ስለዚህ ስህተቱን መጀመሪያ በኢካሩስ አጥራ። ቀጥሎ በሲ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ሪስክ-ፋይቭ ትእዛዝ የሚቀይር የሲ ኮምፓይለር ያስፈልግሃል። እሱ ከባድ ስለሆነ የሞባይል ዳታህን ይጨርሰዋል። እኔ ጋ አለ፣ ሰፈራችንም ቅርብ ነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ፍላሽ ይዘህ ና፣ እገለብጥልሃለሁ።